በጭጋግ የሚመልስ ገደል

«እማዬ!» አለ ገደሉ።

አስጎብኚዋ ክው አለች። የያዘችው የፔርሙስ ክዳን ዘንበል ብሎ ትኩስ ሻይ ጣቶቿ ላይ ሲፈስ እንኳ አልተሰማትም። ከፊቷ ነጭ ጭጋግ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም፤ ማዶ ያለው ገደል የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ መለየት አይቻልም። ድምፁ የመጣው ከዚያ ከነጩ ውስጥ ነው።

«እማዬ!» አለ እንደገና። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ዝቅ ብሎና ተጎትቶ፣ «እማ...ዬ...»

ከጎኗ የቆመው ኃላፊ በደስታ ጮቤ ረገጠ። እጁ ላይ ያለችውን ትንሽ ሪሞት እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያዛት።

«ሰማሽልኝ እህቴ? ሰማሽልኝ? እንዲህ ነው እንጂ ማሚቶ! የመጨረሻዋማ ፀጉር ታቆማለች! ድምፅ ማጉያውን ትናንት ነው ማዶ የተከልነው። ከእንግዲህ ገደል ጫፍ የሚቀመጥ ሰው የለ፣ የሚሞት ሰው የለ። ቁልፍ መጫን ብቻ!»

«ይሄን ድምፅ...» አለች። «ይሄን ድምፅ ከየት አመጣኸው?»

«ከኢንተርኔት ነዋ! አንድ ጎብኚ ድሮ የለጠፈው ቪዲዮ ነው። ቆይ ላሳይሽ፤ አንቺም አለሽበት። ኮከብ ነሽ እኮ!»

ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። ጭጋግ፣ የጎብኚዎች ጀርባ፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ልጅ። ልጅቷ መዳፎቿን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች «እማዬ!» ስትል ጮኸች። ገደሉ መለሰ። ዝም አለ። እንደገና መለሰ፤ ደግሞም መለሰ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ የራሷ የአስጎብኚዋ ድምፅ ወጣ፤ ሳቅ በሳቅ ሆኖ፣ «ዛሬስ ገደላችን ምርቃት ጨመረላችሁ!»

«ምርቃት!» አለ ኃላፊው። «ይቺን ቃል ለማስታወቂያው ወስጃታለሁ። ቅር አይልሽም መቼም።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ ይታወቅለት። እዚህ ከተመደበ ገና አንድ ወቅት አልሞላውም። ማዶ ካለው ጠርዝ ሰው ወድቆ መሞቱን ነግረውታል፤ የማን ወንድም እንደሆነ ግን የነገረው የለም። እሱም ሲናገር እንጂ ሲጠይቅ ታይቶ አያውቅም። የመጣበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ተራራው ዓመቱን ሙሉ ጎብኚ እንዲያገኝ ማድረግ። በራሪ ወረቀቱን ራሱ ነው የጻፈው። በአበባው ወቅት በእግር ሜዳውን ማቋረጥ፣ በዝናቡ ወቅት ፏፏቴው፣ በበጋው ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጡት ወፎች። እስከዚህ ድረስ ወረቀቱ ራሱን ችሎ ይሄዳል። ችግሩ የጭጋጉ ወቅት ነው። ጭጋግ ማን ይጎበኛል? ተራራ አያለሁ ብለህ ወጥተህ የራስህን ጫማ ብቻ አይተህ ትመለሳለህ። ስለዚህ ኃላፊው አስቦ አስቦ «በጭጋግ የሚመልስ ገደል» የሚል ርዕስ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ደግሞ ዛሬ ረፋዱ ላይ ይመጣሉ።

ገደሉ በጭጋግ እንደማይመልስ የሚያውቁት የተራራው ሰዎች ብቻ ናቸው። ሰማዩ ጠራ ሲል ጥሩ አድርጎ ይመልሳል፤ ጭጋግ ሲወርድ ግን ድምፅ ይዋጣል፣ ጮኸህ ጮኸህ ጉሮሮህ ይነቃል እንጂ የሚመለስልህ የለም። ታዲያ ጎብኚ ከፍሎ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለስ? አስጎብኚዎቹ አንድ የማይወራ ዘዴ ነበራቸው። አንድ ሰው አስቀድሞ ተረተሩን ዞሮ ማዶ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ከወዲህ የተጮኸውን ከወዲያ ይደግማል። አይታይ፤ ጭጋጉ ይሸፍነዋል።

የዚህ ሥራ ባለሙያ የእሷ ታናሽ ወንድም ነበር። ስሙን እናቱ ካልሆነች ማንም አይጠራውም፤ ለሁሉም «ማሚቶ» ነው። የሴት ድምፅ ሲሆን አቅጥኖ፣ የሽማግሌ ሲሆን አጎርንኖ ይመልሳል። አንድ ጊዜ አንድ ወፍራም ጎብኚ ሲያስነጥስ ማሚቶ ያንኑ ማስነጠስ መልሶለት፣ ሰውየው «ይማርህ!» ቢል «ይማርህ!» ብሎት፣ ማታ ቤት ገብተው እናታቸው ሆዷን ይዛ እስክትንፈራፈር ስቃለች።

ወንድምና እህት፣ የቅርብ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ አንድ ደንብ ነበራቸው። አንድ ነገር ከሆነ ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካ ካልተነፋ ደህና ነው፣ ምንም ቢጮህ ሥራ ነው። ፊሽካ ከተነፋ ግን ጎብኚም ይሁን ገንዘብ ሁሉን ጥሎ መሮጥ።

ያን ቀን ፊሽካ አልተነፋም። ቢጫ የለበሰችው ልጅ ጮኸች፣ ማሚቶ መለሰ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ጨመረ። እህቱ ሥራ መስሏት ሳቀች። ሌሎቹ ጎብኚዎች ቢጮኹ ግን መልስ ጠፋ። «ገደሉ ደከመው» ብላ ቀልዳ አወረደቻቸው፤ ሻይ አጠጣቻቸው፤ ሸኘቻቸው። ወንድሟ ለምሳ ሳይመጣ ሲቀር ፊሽካውን ይዞ እንደሆነ ለማየት ቤት ሄደች። ከበሩ ጀርባ ፊሽካው የሚሰቀልበት ምስማር ባዶ ነው። እፎይ አለች። እፎይ ብላ ደረቷን ስትዳብስ እጇ ፊሽካውን አገኘው። የራሷ ጠፍቶባት ጧት የእሱን አንስታ የሄደችው እሷ ነበረች። ሲነፋ እሰማዋለሁ ብላ የጠበቀችው ፊሽካ ቀኑን ሙሉ የራሷ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከገደሉ ሥር አገኙት። ማዶ ጠርዙ ላይ እርጥቡ ሣር ተነቅሏል፤ አንድ የቁጥቋጦ ሥር ተግጦ ተንጠልጥሏል። ይሄን ያየችው እሷ ነች፤ ለማንም አልተናገረችም። ለቅሶ የመጡት ሁሉ እናቷን «ሳይታወቀው ነው፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ቁጠሪው» አሏት። እሷም አለቻት። እናትየዋም ያንን ቃል እንደ ምርኩዝ ይዛ ተነሳች። «ልጄ እንኳን አልተሰቃየ፣ እንኳን አልፈራ» እያለች ነው ይኸው እስከ ዛሬ የምትበላው፣ የምትተኛው።

ዞራ ብትሮጥ ትደርስበት ነበር? አታውቅም። አለማወቋ ነው የጨረሳት።

«እህቴ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለ ኃላፊው። «ድምፁ በዛ? እንቀንሰው?»

መልስ ሳትሰጠው ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። የሚኒባሱ ሾፌር ነው። አሮጌ ሰው ነው፤ በዳገቱ ላይ ከእግረኛ ኋላ ስለሚነዳ «ዝግታ» ይሉታል።

«ልጄ፣ እንዳትቆጪኝ» አላት። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነብኝ። ትናንት ያንን የድምፅ ማጉያ ሳጥን አድርሼ ሲሞክሩት ሰማሁ። የማሚቶ ድምፅ መሆኑ እንዴት ይጠፋኛል? ማታ እማማ ጋ ጎራ ስል ነገርኳቸው። ደስ ይበላቸው ብዬ ነው! ካልወሰድከኝ ብለው ይኸው ጋቢና ተቀምጠዋል። ጎብኚዎቹም ከኋላ ናቸው፤ ደርሰናል።»

«ጋሼ፣ ይመለሱ። በሞቴ ይመልሷት።»

«አሁን? ተራራው ወገብ ላይ? መኪና ማዞሪያስ የት ይገኛል?»

ጧት ከቤት ስትወጣ እናቷ ፀጉሯን ታጥባ እሳት ዳር ስታደርቅ አይታ ገርሟት ነበር። አሁን ገባት።

ሚኒባሱ እያቃሰተ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ። መጀመሪያ የወረደችው እናቷ ናት፤ በሾፌሩ ክንድ ተደግፋ፣ ያንን ለክብር ቀን ብቻ የምትለብሰውን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ ሻሿን አሳምራ አስራ። ልጇ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቦታ ረግጣ አታውቅም። ጉልበቷ አያስወጣትም ይባል ነበር፤ እውነቱ ግን ጉልበቷ አልነበረም።

«የት ጋ ልቀመጥ?» አለች፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ዙሪያዋን እያየች። «ደህና አድርጎ የሚሰማው የት ጋ ነው?»

«እማዬ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል» አለች ልጅ ቶሎ ብላ።

«ኧረ አልተበላሸም!» አለ ኃላፊው፤ ደግ ሰው ሲያጠፋ እንዲህ ነው። «አሁን ነው የሞከርነው እማማ፣ እንደ ሰዓት ይሠራል!»

እናት ልጇን አየቻት። ጉንጯን፣ ከንፈሯን፣ ሻይ ያቃጠለውን ጣቷን አየች።

«ነይ እስቲ» አለቻትና ቲኬት መቁረጫዋ ክፍል ውስጥ ይዛት ገባች። ክፍሏ ሁለት ሰው በቅጡ አታስቆምም፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የአራቱ ወቅቶች ትልልቅ ፎቶ። እናት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን ትዋሺኛለሽ? ድምፁን ብሰማ ምን ይጎድልብሻል?»

«እማዬ፣ ይቅርብሽ። አፈር ስሆን ይቅርብሽ።»

«ስሚኝ ልጄ። ፎቶውን አይቼ አይቼ ፊቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ድምፁ ግን እየጠፋብኝ ነው። ጧት ስነሳ 'እንዴት ነበር የሚለኝ?' እላለሁ፣ አይመጣልኝም። እናቱ ሆኜ! የሰማው ሰው ሁሉ ሊሰማው፣ ያላወቀው ሁሉ ከፍሎ ሊሰማው፣ እኔ ልቅር?»

ልጅ ግድግዳውን ተደገፈች። ይህንን ነገር ለሁለት ዓመት በሆዷ ይዛ ቆይታለች፤ አሁን ብትናገረው እናቷን ምርኩዟን መንጠቅ ነው፤ ባትናገረው ደግሞ እናት ጆሮ ናት፣ ሰምታ ታውቃለች፤ ያውም በእንግዳ ሰው ጭብጨባ መሃል።

«ድምፁ የዚያን ቀን ነው» አለች።

«የቱ ቀን?»

«የወደቀ ቀን። ሦስት ጊዜ ነው 'እማዬ' የሚለው። የመጀመሪያዋ የሥራ ናት። ልጅቷ ስትጮህ የመለሰላት ናት። ሁለቱ ግን...» ግድግዳው ላይ ያለውን የጭጋግ ፎቶ አየች። «ሁለቱ ግን ያንቺ ናቸው።»

ውጭ ጎብኚዎቹ ፎቶ እየተነሱ ይሳሳቃሉ።

«ሳይታወቀው ነው አላሉኝም?»

«ብለውሻል።»

«አንቺም ብለሻል።»

«ብያለሁ። ሥሩን ይዞ ነበር እማዬ። ይዞ ነበር። እኔ ሥራ መሰለኝ። ሳቅኩኝ። ለሰዎቹ ገደሉ ምርቃት ጨመረላችሁ አልኳቸው።»

«ምርቃት አልሽው?»

«ምርቃት አልኩት።»

እናት የሻሿን ጫፍ ይዛ አፏ ላይ አደረገችው። ልጅ እንድትመታት ፈለገች፤ እንድትረግማት፣ እንድትጮህ ፈለገች። እናት ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ተነሳች፤ ልጇ ልትደግፋት እጇን ስትዘረጋ ክንዷን ቀስ ብላ አራቀችው። ብቻዋን ወጣች።

«ልጄ» አለችው ኃላፊውን፣ «ክፈተው።»

ኃላፊው ከፊታቸው ነገሩ ገባው። ዝግታም በዚያ መሃል በጆሮው ሹክ ብሎት ኖሯል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እማማ፣ አላወቅኩም። እኔን! የእርስዎ ልጅ መሆኑን ባውቅ...»

«አንተ ምን አጠፋህ። ክፈተው ብያለሁ።»

ኃላፊው ቁልፉን ተጫነ።

«እማዬ!» አለ ማሚቶ ከጭጋጉ ውስጥ፤ ቀጭን አድርጎ፣ የልጃገረድ ድምፅ አስመስሎ። የሥራዋ ናት። የእናት ከንፈር ላይ የቆየ ሳቅ ጫፍ ትንሽ ታየ፤ ያ ሲያስነጥስ የነበረው ልጅ ነው።

«እማዬ!» አለ። አሁን የራሱ ድምፅ ነው።

«ወዬ!» አለች እናት።

ድምፅዋ ከዚያች ከሲታ ሴት የወጣ አይመስልም። ጎብኚዎቹ ሁሉ ዞሩ።

«እማ...ዬ...»

«ወዬ ልጄ! ወዬ! አለሁ!»

ጭጋጉ ዋጠው። ምንም አልተመለሰም። አንድ ጎብኚ ጨዋታው የደመቀ መስሎት ሊያጨበጭብ እጆቹን ሲያነሳ ዝግታ ሁለቱንም መዳፎቹን በአንድ እጁ አፍኖ ያዘበት። ሰውየው ምን እንደሆነ ባያውቅም እጁን አወረደ።

እናት ወደ ልጇ ዞረች። የልጇ አንገት ላይ ያለውን ክር ጎትታ ፊሽካውን ከልብሷ ውስጥ አወጣችው። ጫፉ ላይ የማሚቶ ጥርስ ያኘከበት ምልክት አለ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። እናት ያንን ምልክት በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ይሄ ምን ይሠራል አንቺ ጋ?»

«ያን ቀን ጧት እኔ ነኝ የወሰድኩበት» አለች ልጅ። ከዚህ በላይ የምትደብቀው ነገር አልቀረም።

እናት ክሩን በልጇ ራስ ላይ አሳልፋ አወጣችው። ፊሽካውን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነፋችው። ቀጭን፣ የተሰበረ ድምፅ ነበር፤ ሳንባዋ አልያዘላትም። እንደገና ነፋችው።

ከዚያ ፊሽካውን ጨብጣ ልጇን ታያት ጀመር።

አስጎብኚዋ ጎብኚዎቹን አየች። ኃላፊውን አየች። የበራሪ ወረቀቱ ፎቶ፣ የወቅቱ መክፈቻ፣ የዛሬ እንጀራዋ፣ ሁሉም እዚያው ቆሟል። ፔርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠችና ተረተሩን ዞሮ ወደ ማዶ ወደሚወስደው ቀጭን መንገድ ሮጠች።

«ወዴት ነው? ጎብኚዎቹስ?» አለ ኃላፊው ከኋላዋ።

«ተዋት» ሲል ሰማችው ዝግታን። «ፊሽካ ተነፍቷል።»

ያን መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ አልረገጠችውም። ሣር ውጦታል፤ ቅርንጫፍ ፊቷን ገረፋት፣ ጭቃው ጫማዋን ያዘባት። እየሮጠች ስታስበው መንገዱ የማያልቅ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት በሕልሟ ስትሮጠው አያልቅም ነበር። አሁን ግን አለቀ። ቶሎ አለቀ። ይደረስ ነበር ማለት ነው፤ ይኸው ተደረሰ። ቆማ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም።

ድምፅ ማጉያው በሽቦ ከአንድ ግንድ ጋር ታስሯል። ከአጠገቡ ማሚቶ ይቀመጥባት የነበረችው ድንጋይ አለች፤ በመቀመጥ ብዛት መሃሏ ለስልሷል። አስጎብኚዋ የማጉያውን ገመድ ነቀለች። ከዚያ ድንጋይዋን አልፋ እርጥቡ ሣር ድረስ ሄደች፤ ሥሩ የነበረበት ድረስ። ከጫማዋ ጫፍ በታች ነጭ ብቻ ነው። ወፍራም፣ ለስላሳ ነጭ ነው፤ ሲያዩት ሰው የሚጥል አይመስልም። እዚያ ቆማ ዕድሜዋን ሁሉ እንደዚህ ደክሟት እንደማያውቅ ተሰማት። ወደዚያ ነጭ ውስጥ መግባት ቀላል መሰላት።

«ደርሻለሁ!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜ፣ ደርሻለሁ!»

ከማዶ ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልሳቀም። ጭጋጉ ዝም አለ፤ እሷም ከዝምታው የምትጠብቀው ነገር ሳይኖር ጠበቀች።

ከዚያ የእናቷ ድምፅ መጣ። ሻካራ ነው፤ ቁጣ አለበት፤ ገና በልጅነታቸው ከምድጃ ዳር ሁለቱንም ታባርርበት የነበረው ድምፅ ነው። ከወዲያ ሆና እንኳን ልጇን የራሷን መዳፍ ማየት አትችልም፤ ግን ልጇ የት ላይ እንደቆመች አውቃለች።

«ከጫፉ ራቂ!» አለች እናት። «ሰማሽኝ? ከጫፉ ራቂ አንቺ ልጅ!»

«እሺ፣ እማዬ» አለች፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ራቀች፣ ሌላም ጨመረች።